የታሸገው ሬድዮ

ሲንቄ ኩምሳ ስልክ ሲጮኽ «ማን ሞተ?» ብላ የምታነሳ ሴት ናት። አውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ከዘገየ ገደል ገብቷል፤ ልጅ ካስነጠሰ ሳንባው ተነክቷል። በአምቦ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት አብረዋት የሚሠሩት ሰዎች ጠባይዋን ስለለመዱት ጠዋት ሲገቡ «እሺ ሲንቄ፣ ዛሬስ ምን ሊደርስብን ነው?» ይሏታል። እሷ ግን አትስቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ በተማረችበት ትምህርት ቤት ስትቀጠር የተሰጣት ሥራ ወረቀት መጠበቅ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ወረቀት ጠፍታባት አታውቅም። የገባ ደብዳቤ ማኅተም ይመታበታል፣ ቀን ይጻፍበታል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። በዓለም ላይ ልቧን ጥላ የምታምነው ሥርዓት ይኸው ብቻ ነው።

ፍርሃቷ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ታላቅ ወንድሟ ፉፋ ገበያው አጠገብ ሬድዮ የሚጠግንበት ጠባብ ሱቅ ነበረው። በ1983 ግንቦት የሚሸሹ ወታደሮች በከተማው ሲያልፉ፣ አንዱ የጦር መገናኛ ሬድዮ ከነቦርሳው ሱቁ ውስጥ ጥሎበት ሄደ። ፉፋ ለመለዋወጫ ይሆነኛል ብሎ መደርደሪያ ላይ አኖረው። በዓመቱ ለፍተሻ የገቡ ሰዎች አገኙት።

«ከማን ጋር ነው የምትገናኘው?» አሉት።

«ከማንም። ባትሪም የለው።»

ሁለት ዓመት ከአራት ወር ታስሮ ሲመለስ አንድ ጆሮው አይሰማም ነበር። ሱቁን መልሶ አልከፈተም። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ሦስት ክረምት ኖረና ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሲንቄ አንቴና ያለው ነገር ባየች ቁጥር መንገድ ትቀይራለች።

እንግዲህ አንድያ ልጇ ኢፋ፣ በ1994 የገና ማግስት ከሥራ ቦታው መጥቶ በሩ ላይ «አዮ፣ እናቴ፣ የምሥራች! ሬድዮ ተላከልን!» ሲላት እንዴት እንደሆነች መገመት አያዳግትም።

ኢፋ ነርስ ነው። ከጌዶ በፈረስ ሦስት ሰዓት በሚያስኬደው ሐሮ በሚባል ቀበሌ፣ እሱና እናቱ አባል በሆኑባት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ክሊኒክ ውስጥ ይሠራል። እዚያ ስልክ የለም፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ደግሞ መንገዱም የለም። የቤተ ክርስቲያኒቱ መኪና የሚቆመው ጌዶ ነው። መኪናው ላይ ፈቃድ ያለው የመገናኛ ሬድዮ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ተገጥሟል፤ ክሊኒኩ ግን መኪናውን የሚጠራበት ሬድዮ ስለሌለው ሰው በጠና ሲታመም ፈረሰኛ ይላካል። ፈረሰኛው እስኪደርስ አንዳንዱ በሽተኛ አይጠብቅም። አሁን ውጭ አገር ያሉ ወዳጅ ምእመናን ሁለት አዳዲስ ሬድዮዎች ልከዋል።

የቤተ ክርስቲያኒቱን የጤና ሥራ የሚያስተባብሩት ፓስተር ጉተማም አብረውት መጥተው ነበር። ሲንቄ ሻይ ቀድታላቸው ሳትቀመጥ ጠየቀች።

«ታዲያ የታሉ?»

«አንዱ ለናሙና አዲስ አበባ ቀርቷል» አለ ኢፋ። «አንዱ ሐሮ ነው፣ ግን ታሽጓል።»

«ታሽጓል? ምን አድርጎ?»

«አይ አዮ! ወንጀል ሠርቶ አይደለም።» ሳቀ። «ከውጭ የሚገባ መገናኛ ሁሉ መጀመሪያ ይፈተሻል። ኤሌክትሪኩ ሰው እንዳይመታ፣ ሞገዱም የሌላውን እንዳይረብሽ። ናሙናውን አይተው ማረጋገጫ እስኪሰጡን ድረስ ሌላው በሽቦና በእርሳስ ብረት ማኅተም እንደታሰረ ይቀመጣል። እኔ እስከዚያ የምድር ሽቦውንና የመብረቅ መከላከያውን እቀብራለሁ። እሱም ግዴታ ነው።»

«በማን ስም ነው የገባው?»

ኢፋ የጫማውን ክር የሚፈታ መስሎ አጎነበሰ። «አንድ ኃላፊ መመዝገብ አለበት ተባለ።»

«ኢፋ!»

«ክሊኒኩ ግቢ የማድረው እኔ ነኝ። ማን ይመዝገብ? ላሟ?»

«አጎትህን ረሳኸው?»

«አጎቴ ፈቃድ አልነበረውም። እኔ ደግሞ ፈቃድ ላወጣ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው እኮ፣ አዮ።»

ፓስተር ጉተማ ሊያረጋጓት ጣልቃ ገቡ። «ወይዘሮ ሲንቄ፣ ለመገናኛ ቁጥጥሩ መሥሪያ ቤት የሰጠነው አድራሻ የእናንተ ትምህርት ቤት ፖስታ ሣጥን ነው። የእኛ ሣጥን ቁልፍ በአራት ሰው እጅ ነው ያለው፣ ደብዳቤ ይጠፋብናል። አንቺ እጅ የገባ ግን አይጠፋም አለኝ ልጅሽ። ሬድዮው ሥራ ሲጀምር ደግሞ ጌዶ ብቅ ትዪና ከመኪናው ላይ የልጅሽን ድምፅ ትሰሚዋለሽ።»

«ሌላም ሰው ይሰማዋላ፣ ፓስተር» አለች ሲንቄ፤ ወደ ጓዳም ገባች።

ደብዳቤው የመጣው መጋቢት 4 ቀን ነው። በዚያ ሰሞን ከተማው ሰላም አልነበረም። ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጥተው ክፍሎች ባዶ ሆነዋል፤ ወላጆች በየፖሊስ ጣቢያው ደጅ ልጆቻቸውን ይፈልጋሉ። ሲንቄ እንደ ዘወትሩ የትምህርት ቤቱን ፖስታ ልታመጣ ስትሄድ የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ኦቦ ቀንዓ አንድ ቡናማ ፖስታ ከሌሎቹ ለይተው ከፍ አድርገው አሳዩዋት።

«ሲንቄ፣ ማኅተሙን አየሽልኝ? የሻይ ሰሃን ያህላል። ሚኒስትር አድርገውሽ እንዳይሆን!»

«መጥሪያ ይሆናላ።»

«አይ አንቺ! የሠርግ ካርድ ቢመጣልሽም መጥሪያ ነው የምትዪው።»

ፖስታውን ቢሮ ገብታ በሩን ዘግታ ከፈተችው። ለአቶ ኢፋ ጃርሶ ይላል። የፋብሪካው የኤሌክትሪክ ደኅንነት ፍተሻ ሰነድ ዋናው ከውጭ እንዲላክ ላኪው መጠየቁን፣ አንቴናው የቆመበትና የምድር ሽቦው የተቀበረበት ቦታ በፎቶግራፍ መታየት እንዳለበት ይገልጻል። ይህን ዓይኗ ዝም ብሎ አለፈው። ኃላፊው ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘው በአካል ቀርበው ግዴታ እንዲፈርሙ የሚለው ላይ ቆመች። ከደብዳቤው ጋር የተያያዘ ቅጽ ነበር፤ ገለጠችው። ሙሉ ስም እስከ አያት። የትውልድ ቦታ። ከነማን ጋር ይገናኛሉ? በምን ያህል ርቀት? በቀን በየትኞቹ ሰዓቶች?

ከነማን ጋር ይገናኛሉ። ፉፋን የጠየቁት ይህንኑ ነበር። ፉፋን ግን በቃል ጠየቁት፤ ልጇን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ፎቶውን ለጥፎ፣ ፈርሞ እንዲያመጣላቸው ነው የፈለጉት። የመጨረሻው አንቀጽ ደግሞ መልሱ በአርባ አምስት ቀን ካልደረሰ መሣሪያዎቹ ወደ ላኪው እንደሚመለሱ፣ ማረጋገጫው ሳይሰጥ ማኅተሙን መስበር በሕግ እንደሚያስጠይቅ ያስጠነቅቃል።

ወደ ላኪው ይመለሳሉ! ሲንቄ ይህን ቃል ሁለት ጊዜ አነበበችው። የሚያስፈልገው ዝም ማለት ብቻ ነው። አርባ አምስት ቀን ዝም ማለት። ማንም ሳይጎዳ፣ ማንም ሳይጣላ ሬድዮው ወደ መጣበት ይሄዳል፤ የልጇ ስም ከዚያ መዝገብ ላይ ይፋቃል፤ በሽተኛም እንደ ቀድሞው ፈረሰኛ ይላክለታል።

ልትቀደው አሰበች፤ እጇ እምቢ አላት። የመዝገብ ቤት ሰው የገባ ደብዳቤ አይቀድም። ይባስ ብሎ፣ ልቧ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ እጇ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደውን ሠራ። «ገቢ» የሚለውን ማኅተም መታችበት፤ ቀኑን ጻፈችበት፤ ቁጥር ሰጠችው። ያደረገችውን ያየችው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ከዚያ ከመደርደሪያው ታችኛ ረድፍ፣ በ1986 ትምህርት ያቋረጡ ተማሪዎች ፋይል ውስጥ ከተተችው። ያንን ፋይል የሚጠይቅ ሰው የለም።

ኢፋ በገበያ ቀን ጌዶ ሲወርድ ከቴሌ ወደ ትምህርት ቤቱ ይደውላል።

«አዮ፣ ደብዳቤ መጣ?»

«አልመጣም፣ ልጄ። በልተሃል?»

«በልቻለሁ። የምድር ሽቦውን ሁለት ሜትር ተኩል ቀበርኩት። ከሥሩ ድንጋይ ነው፤ እጄ ተላጧል። ሰዉ ሁሉ ውኃ ልታወጣ ነው ወይ እያለ ይስቅብኛል።»

በሁለተኛው ገበያ «አልመጣም» አለችው። በሦስተኛውም። በአራተኛው ድምፁ ቀዝቅዞ ነበር። «አንዲት ሴትዮ ፈረሰኛ ልከን ስንጠብቅ በጠና ደክማ ነበር» አላት። «ተረፈች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን አዮ፣ እቃው ከአልጋዋ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር እኮ። ፊት ለፊቴ!»

«ይመጣል። ፖስታ መቼም ይዘገያል» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ፓስተር ጉተማም ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ መጡ። «አዲስ አበባ ደውዬ ነበር። ልከናል ይላሉ። እዚህ ጠፍቶ ይሆን?»

«እኔ ጋ?» አለች ሲንቄ።

ፓስተሩ ደንግጠው እጃቸውን አወዛወዙ። «አይ፣ አንቺ ጋስ አይጠፋም። እነሱ ሳይልኩት ይሆናል፤ ልከናል ማለት ልማዳቸው ነው። ትንሽ እንጠብቅ።» ሲንቄ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደ ገንዘብ ያጠራቀመችውን መታመን በአንድ ጊዜ አወጣችው።

ሚያዝያ 19 ቀኑ ሞላ። በዚያን ቀን ሲንቄ ከሥራ ወጥታ ሥጋ ገዛች፤ ለብቻዋ ወጥ ሠርታ በላች። ከወራት በኋላ ትከሻዋ ቀለላት።

ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቀለላት። የሆነውን የነገሯት ፓስተር ጉተማ ናቸው። ግንቦት 3 ቀን ጠዋት መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አውልቀው ያዙ። ሲንቄ ገና ሳይናገሩ ተነሥታ ቆመች።

«ሞተ?»

«አልሞተም። ጌዶ ፖሊስ ጣቢያ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን ቦጂያ የሚባል የሐሮ ገበሬ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ግንዱ ወደቀበት፤ ጭኑ ተሰበረ፣ ሆዱም ውስጥ ደም ይፈስ ጀመር። ኢፋ ፈረሰኛ ቢልክ ሰውየው እንደማይቆይ አየ። ማኅተሙን በመቀስ ቆርጦ ሬድዮውን አብርቶ ጌዶን ጠራ። መኪናው መንገዱ እስከሚያልቅበት መጣ፤ ቦጂያን በቃሬዛ አደረሱት፤ ተረፈ። በሳምንቱ ደግሞ የቁጥጥሩ መሥሪያ ቤት ባለሙያ፣ ጊዜው አልፏልና መሣሪያውን ልረከብ ብሎ ሐሮ ድረስ በበቅሎ ወጣ። የተቆረጠውን ማኅተም አየ። «ማን ሰበረው?» አለ። ኢፋም «እኔ» አለ።

ሲንቄ ፓስተሩ ተናግረው ሳይጨርሱ ጎንበስ ብላ ከታችኛው ረድፍ ፋይሉን አወጣች። ደብዳቤውን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ሐሳቧ አንድ ነበር፦ ልጇ በድብቅ ሳይሆን በመንግሥት መንገድ ፈቃድ እየጠየቀ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት በእጇ አለ። ይህን ካዩ ይለቁታል። በአውቶቡሱ ላይ ጉደርን ሲያልፉ ፓስተሩ ደረቷን ምን እንዳመማት ጠየቋት፤ እጇን ከደብዳቤው ላይ ሳታነሳ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ጣቢያው ውስጥ ኢፋ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ኋላ ሃምሳ አለቃ ኤጄታ የሚባል ፖሊስ ይጽፋል፤ በጎኑ መነጽር ያደረገ፣ ጫማው ላይ የሐሮ ጭቃ የደረቀበት ባለሙያ ቆሟል፤ አቶ ብዙነህ ይባላል። ኢፋ እናቱን ሲያይ ፈገግ ሊል ሞከረ።

«አዮ፣ አትፍሪ። ቀላል ነው፤ እየጨረስን ነው።»

«ይኸው!» አለች ሲንቄ። ደብዳቤውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ይኸው ወረቀቱ። ራሳቸው የጻፉለት ነው። ሌባ አይደለም ልጄ፤ በሕግ ነው የጠየቀው!»

አቶ ብዙነህ ደብዳቤውን አይቶ ዓይኑን ጨፈነ። ሃምሳ አለቃው ግን በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው አነበበውና ማኅተሙ ላይ ቆመ።

«መጋቢት 4 ገቢ» አለ ጮክ ብሎ። ብዕሩን አስቀመጠ። «አቶ ብዙነህ፣ ማስጠንቀቂያው አልደረሰውም ብለን ልንዘጋው ነበር። በምክር ልንሸኘው። ደርሶታል እኮ! ማኅተም መስበር እንደሚያስጠይቅ ተነግሮት፣ ሁለት ወር ዝም ብሎ፣ ከዚያ ነው የሰበረው።»

«አልደረሰውም!» አለች ሲንቄ። «እኔ ነኝ። ደብዳቤውን እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

«እናቴ፣ ተቀመጪ።»

«የትምህርት ቤቱን ፖስታ የማመጣው እኔ ነኝ። ፋይል ውስጥ ከተትኩት። እሱ አያውቅም!»

ሃምሳ አለቃው በሐዘኔታ አያት። «እናት ለልጇ የማትለው የለም። የእኔም እናት እንደዚህ ነበረች። ደብዳቤ ሊደብቅ የፈለገ ሰው ቀን ጽፎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ማኅተም መትቶ ይደብቃል?»

ሲንቄ የመታችውን ማኅተም አየችው። እውነት ነው፤ ማን ያምናል? ዘወር ስትል ኢፋን አየችው። በዚያ ክፍል ውስጥ ያመናት እሱ ብቻ ነበር። ወዲያው ነው ያመናት።

«በስልክ ስጠይቅሽ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሦስት ጊዜ አልመጣም አልሽኝ።»

«አራት ጊዜ ነው» አለች።

ኢፋ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አቶ ብዙነህ ቅጹን ከደብዳቤው ለይቶ አነሳው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ሰው ቢሆን ለእሷ ይሻላት ነበር። «እናቴ፣ ምን አስፈራዎት?» ብሎ ጠየቃት። ከነማን ጋር ይገናኛሉ የሚለውን በጣቷ አሳየችው።

«ይህ?» አለ። «ይህን የምንጠይቀው የትኛውን ሞገድ እንደምንሰጠው ለማወቅ ነው። ሌላው የሚጠቀምበትን እንዳንሰጠው። ርቀቱን የምንጠይቀው ኃይሉ ስንት ቢሆን እንደሚበቃው ለመወሰን ነው። እሱ የሚጽፈው ‹ከጌዶ መኪና ጋር› ብቻ ነበር።» ቅጹን መልሶ አስቀመጠው። «የፍተሻ ሰነዱ ከፋብሪካው ደርሶን ነበር። ናሙናው አልፏል። የምድር ሽቦውንም ሐሮ ሄጄ አየሁት፤ እንደሱ የተሠራ አይቼ አላውቅም። የቀረው ፊርማና ሁለት ፎቶ ነበር።»

«ፊርማ ብቻ?»

«ፊርማ ብቻ።»

ጉዳዩ ለዐቃቤ ሕግ ተላለፈ። ኢፋ ሃያ ሁለት ቀን ታሰረ። አቶ ብዙነህ የሰውን ነፍስ ለማዳን ያደረገው ነው የሚል የምስክርነት ጽሑፍ ላከ፤ ፓስተር ጉተማም ዋስ ሆኑ፤ በማስጠንቀቂያ ተለቀቀ። የመገናኛ መሣሪያ ኃላፊ ሆኖ እንዳይመዘገብ ግን ታገደ። ሁለቱም ሬድዮዎች በሣጥናቸው ወደ መጡበት ተመለሱ። ሲንቄ በመጋቢት ወር በራፏን ዘግታ የለመነችው ሁሉ አንድ ሳይቀር ሆነላት፦ ልጇ ሬድዮ የለውም፤ ስሙ ከዚያ መዝገብ ላይ ተፍቋል፤ ከእንግዲህም ማንም ከማን ጋር ትገናኛለህ አይለውም።

ኢፋ ሲፈታ አምቦ አልመጣም። ከጌዶ በቀጥታ ወደ ሐሮ ወጣ። አልተቆጣትም፤ ሰላምታ በፓስተሩ በኩል ይልካል። በገበያ ቀን ስልኩ ሲጮኽ የምትሮጠው እሷ ናት፤ የሚደውለው ግን የትምህርት ቢሮ ነው፣ ወይም የተማሪ ወላጅ። ሰኔ አለፈ። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲጠና በፓስተሩ በኩል የሚመጣውም ሰላምታ ቆመ።

ሁለት ሳምንት ጠበቀች። በሦስተኛው የገበያ ቀን አውቶቡስ ተሳፍራ ጌዶ ወረደች። ገበያው ጭቃ ነበር። ከሐሮ በኩል ቅቤና ማር ይዘው የሚወርዱት ሰዎች የሚቀመጡበትን ቦታ አጠያይቃ ደረሰች፤ ቦታው ባዶ ነው። አጠገቡ በቅሎውን የሚጭን አንድ ሽማግሌ አገኘችና በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥታ፣ ከሐሮ የመጣ ሰው እንዳየ ጠየቀችው።

«ከማክሰኞ ወዲህ ከዚያ የተሻገረ የለም» አላት። «ወንዙ ድልድይ የነበረውን ግንድ ወስዶታል። ሁለት ሰው ከበሬ ጋር ተወሰደ ይላሉ።»

«የማን ሰዎች?»

«እንጃ። አንዱ የቀበሌው ሰው ነው አሉ። ሌላውን የሚያውቅ የለም።»

«የክሊኒኩ ልጅስ? ነርሱ? ረዘም ያለ፣ ፊቱ ላይ እዚህ ጋ ጠባሳ ያለው?»

ሽማግሌው መጫኛውን አጥብቆ ሲያበቃ ቀና ብሎ አያት። «እህቴ፣ አላየሁም። ደኅና ይሆናል። ከዚያ ማዶ ወሬ የሚያመጣ ነገር ምን አለና እነግርሻለሁ?»

በቅሎውን እየነዳ ሄደ። ዝናቡ እንደገና ጀመረ፤ ነጋዴው ሸራውን ይጎትታል፣ እቃውን ይሰበስባል። ከመናኸሪያው «አምቦ! አምቦ! የመጨረሻ!» እያሉ ሲጣሩ ሰማች። ሲንቄ ነጠላዋን ራሷ ላይ ደርባ ቅቤ ሻጮቹ በሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወደ ሐሮ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር ተነሥታ ትቆማለች፤ ሰውየው ቀርቦ፣ ከቅርብ መንደር የመጣ መሆኑን ነግሯት ሲያልፍ፣ መልሳ ትቀመጣለች።